ምስጢሩን ማን ያውቃል? ስለ ድብቅ የባዕዳን ወረራ የተሠሩ ተከታታይ ድራማዎች ንጽጽር

ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሰው መስለው፣ ከሰው ጋር እየኖሩ፣ ምድርን በስውር የሚይዙበት ታሪክ በቴሌቪዥን ከ1955 ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የድራማዎቹ ስም ይቀራረባል፤ ጭብጣቸውም በአንድ መስመር ሲነገር አንድ ዓይነት ይመስላል። በዚህ የተነሣ አንዱን የወደደ ሰው ሌላውን ከፍቶ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያቋርጠዋል።

ለመምረጥ ስትነሡ መጀመሪያ «ምስጢሩን ማን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቀው አንድ ብቸኛ ሰው ከሆነ ድራማው የመንከራተትና የማሳመን ታሪክ ነው፤ በየክፍሉ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሰው፣ ሰሚ ያጣ ጩኸት። መንግሥት ካወቀ የሰነድ፣ የምርመራና የባለሥልጣን ውሸት ታሪክ ይሆናል። የሚያውቁት ራሳቸው የተለወጡት ሰዎች ከሆኑ ግን ፍርሃቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን ይጠራጠራል። ሌላው ሁሉ፣ የልዩ ትዕይንቱ ጥራትም ሆነ የባዕዳኑ መልክ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ታሪኩ ተቋጭቷል ወይ?» የሚለው ነው። በዚህ ዘርፍ ከአንድ ወይም ከሁለት ምዕራፍ በኋላ የተሰረዘው ብዙ ነው፤ ደራሲዎቹ ምስጢሩን ለኋላ ያስቀምጡታል፣ ኋላው ግን አይመጣም። ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር የሚያናድዳችሁ ከሆነ ይህንን ሳታጣሩ ምንም አትጀምሩ።

ብቻውን የሚያውቅ ሰው

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ አባት «ዘ ኢንቬደርስ» ነው። በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ ከጃንዋሪ 1967 እስከ ማርች 1968 ታየ፤ ሁለት ምዕራፍ፣ 17 እና 26 ክፍሎች፣ በድምሩ 43። ሐሳቡ የላሪ ኮኸን ሲሆን ፕሮዲውሰሩ ኩዊን ማርቲን ነበር። ዴቪድ ቪንሰንት የሚባል አርክቴክት (ተዋናዩ ሮይ ቲነስ ነው) በሌሊት መንገድ ጠፍቶት ሲንከራተት የባዕዳን መንኮራኩር ሲያርፍ ያያል። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሥራው ሰውን ማስጠንቀቅ ብቻ ይሆናል።

ይህን ድራማ ከብዙ ተከታዮቹ የሚያስበልጠው ደንቦቹ ጥርት ያሉ መሆናቸው ነው። ባዕዳኑ የልብ ምት የላቸውም፤ ሲቆስሉ አይደሙም፤ ስሜት አያውቁም፤ የብዙዎቹ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። ሲሞቱ በቀይ ብርሃን ነደው ይጠፋሉ። ድራማውን ተሸክሞ የሚሄደው ይህ የመጨረሻው ደንብ ነው። ቪንሰንት ባሸነፈ ቁጥር ማስረጃው ዓይኑ እያየ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ የዛሬው ድል ለነገው ክስ ምስክር ሊሆነው አይችልም። ደራሲዎቹ «ለምን ማንም አያምነውም?» ለሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ አዲስ ሰበብ መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ መልሱ ከጅምሩ ተሰጥቷል። ሌሎች ድራማዎች ላይ ጀግናው ማስረጃውን እንደ ሞኝ ሲጥል ወይም ሲሰረቅ ስታዩ የዚህን ደንብ ዋጋ ትረዳላችሁ።

43ቱን ክፍሎች ማየት ግድ አይደለም። አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚቆሙ ናቸው፤ በተከታታይ ከታዩም ይደጋገማሉ፦ ቪንሰንት ከተማ ይደርሳል፣ አንድ ሰው ያምነዋል፣ ያ ሰው ይሞታል ወይም ይክደዋል። በቀን ከአንድ በላይ አትመልከቱ። መክፈቻውን «ቢችሄድ»ን እዩ፤ ቀጥሎ «ዘ ሚውቴሽን»ን፣ ስሜት ያደረባት ባዕድ ሴት የምትገባበትን፤ ከሁለተኛው ምዕራፍ «ዘ ትራያል»ን፣ የቪንሰንት ወዳጅ በነፍስ ግድያ የሚከሰስበትን። ገደለው የተባለው ሰው ባዕድ ነበር፤ ይህን ለዳኛ ማን ደፍሮ ያስረዳል? ከሁለተኛው ምዕራፍ አጋማሽ ላይ «ዘ ቢሊቨርስ» የሚለው ክፍል ለቪንሰንት ጥቂት ወዳጆችን ይሰጠዋል፤ ኤድጋር ስኮቪል የሚባል ባለፋብሪካ አብሮት ይቆማል። ለውጡ አዲስ ነፍስ ዘርቶበታል የሚሉ አሉ። በእኛ ሚዛን ግን ብቸኝነቱ ሲቀንስ ፍርሃቱም አብሮ ቀንሷል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይበልጣል። መቋጫ የለውም፤ ወረራው አልተሸነፈም፣ አልተሳካምም። በ1995 በስኮት ባኩላ ዋና ተዋናይነት የተሠራው ባለሁለት ክፍል አዲስ ቅጂም መቋጫ አይሆንም፤ ቲነስ ያረጀውን ቪንሰንት ሆኖ ብቅ ስለሚል ብቻ ለወዳጆቹ ይታያል።

ብቸኛ ሰው የሚሸሽበትን ታሪክ ወድዳችሁ መጨረሻም የምትፈልጉ ከሆነ «ፈርስት ዌቭ» አለላችሁ። ከ1998 እስከ 2001 የቀረበ የካናዳ ሥራ ነው፤ 3 ምዕራፍ፣ 66 ክፍል፣ ወደ 50 ሰዓት የሚጠጋ። ኬድ ፎስተር የቀድሞ ሌባ ሲሆን በሚስቱ ግድያ በሐሰት ተከሶ ይሸሻል፤ ባዕዳኑን የሚከታተለው በኖስትራዳመስ ትንቢቶች እየተመራ ነው። ወረራው ሦስት ማዕበል አለው፤ ሰርጎ መግባት፣ መውረር፣ ማጥፋት። ርእሱም የመጣው ከመጀመሪያው ማዕበል ነው። ወጪው አነስተኛ መሆኑ በዓይን ይታያል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም ወጣ ገባ ይበዛዋል። ግን ታሪኩ ይቋጫል፤ በዚህ ዘርፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መንግሥት ሲያውቅ

«ዘ ኤክስ ፋይልስ» ላይ ሰው የሚሳሳተው መጠኑን ባለማወቅ ነው። ከሴፕቴምበር 1993 እስከ ሜይ 2002 ድረስ 9 ምዕራፍ፣ 202 ክፍል ተሠራ፤ በ2016 6፣ በ2018 10 ተጨምሮ 218 ሆነ። ከእነዚህ ስለ ባዕዳኑ ወረራ የሚያወሩት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚበዙት በየሳምንቱ የሚለዋወጥ የጭራቅ ወይም የወንጀል ታሪክ ናቸው፤ ከነሱ መካከል ግሩም አለ፣ ነገር ግን ወረራውን ፈልጎ ለመጣ ሰው መንገድ ያስረዝሙበታል።

ወረራውን ብቻ ለማየት ይህን መስመር ተከተሉ። ከምዕራፍ 1 ክፍል 1፣ 2 እና 24፤ ከምዕራፍ 2 ክፍል 5፣ 6፣ 16፣ 17 እና 25፤ ከምዕራፍ 3 ክፍል 1፣ 2፣ 9፣ 10፣ 15፣ 16 እና 24፤ ከምዕራፍ 4 ክፍል 1፣ 8፣ 9፣ 14 እና 24፤ ከምዕራፍ 5 ክፍል 1፣ 2፣ 13፣ 14 እና 20። እዚህ ላይ ቁሙና በጁን 1998 ሲኒማ ቤት የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም እዩ፤ ታሪኩ በምዕራፍ 5 እና 6 መካከል የገባ ነው፣ ከዘለላችሁት የምዕራፍ 6 ክፍል 1 ስለምን እንደሚናገር ግራ ይገባችኋል። ከፊልሙ በኋላ ምዕራፍ 6 ክፍል 1፣ 11 እና 12። በድምሩ 28 ክፍልና አንድ ፊልም፣ 23 ሰዓት ገደማ። ጥንድ ሆነው የተጻፉትን (ለምሳሌ የምዕራፍ 3ን ክፍል 9 እና 10) በአንድ ምሽት እዩ፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያቆመው።

የምዕራፍ 6 ክፍል 12 ላይ ማቆምን በጥብቅ እንመክራለን። እዚያ ላይ ከባዕዳኑ ጋር በምስጢር የተዋዋሉት ሹማምንት ታሪክ ይዘጋል፤ ማን ምን እንደፈረመ፣ ማን ልጁን አሳልፎ እንደሰጠ፣ ምን እንደተቀበለበት ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በምዕራፍ 8 እና 9 የማይሞቱ ወታደሮች ይገባሉ፤ የ2002ቱ ማብቂያ ወረራው ለዲሴምበር 22 ቀን 2012 እንደተቀጠረ ይነግረናል፤ የ2016ቱ መመለሻ ደግሞ ሴራው ሁሉ የሰዎች ነበር ብሎ ይጀምራል። ቀድሞ የተገነባውን በኋላ የመጣው ያፈርሰዋል። የሁለቱን መርማሪዎች፣ የሙልደርንና የስካሊን፣ ጓደኝነት የወደደ ይቀጥል፤ ወረራውን የሚከታተል ግን አይደክም።

የባዕዳኑ ደንብ እዚህ ከ«ዘ ኢንቬደርስ» ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚነዳ ጥቁር ዘይት አለ፤ መልኩን የሚለዋውጥ ነፍሰ ገዳይ አለ፣ ደሙ አረንጓዴና መርዛማ የሆነ፣ ማጅራቱ ሥር ካልተወጋ የማይሞት፤ ንብም ክትባትም በሴራው ውስጥ ድርሻ አላቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ማን ምን እንደሆነ በወረቀት ብትጽፉ ይጠቅማችኋል።

«ዳርክ ስካይስ» በኤንቢሲ ከሴፕቴምበር 1996 እስከ ሜይ 1997 የታየ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ብዙዎች የ«ኤክስ ፋይልስ» ግልባጭ ብለው አለፉት፤ ተበድሏል ብለን እናምናለን። ታሪኩ ከ1961 ይነሣና የአሜሪካን ታሪክ ክስተቶች አንድ በአንድ ከወረራው ጋር ይሰፋቸዋል፦ የስለላ አብራሪው ፓወርስ፣ የኬኔዲ ግድያ፣ የቢትልሶች የ1964 የቴሌቪዥን ዝግጅት። ማጀስቲክ 12 የተባለው ምስጢራዊ ቡድንም በ1980ዎቹ ከተሰራጩና ኤፍቢአይ ሐሰተኛ ካላቸው ወረቀቶች የተወሰደ ነው። የዘመኑን ታሪክ በጥቂቱ የማያውቅ ሰው ግማሹ ያልፈዋል፤ ከመጀመሩ በፊት ስለ ኬኔዲ ግድያ አጠር ያለ ነገር ቢያነብ ይካሳል።

ባዕዳኑ ጥገኛ ትሎች ናቸው፤ በሰው አንጎል ውስጥ ይሰፍራሉ። ሰውዬው ግን እንደተያዘ ፈጥነው ከደረሱለት ይድናል፤ ትሉን ተፋ የሚያሰኝ የኬሚካል ዘዴ አለ። ይህች ትንሽ ደንብ ሁሉን ትለውጠዋለች። ቪንሰንት ሲተኩስ የሚገድለው ጠላትን ነው፤ የ«ዳርክ ስካይስ» ጀግኖች ሲተኩሱ ግን ሊድን ይችል የነበረ ወንድም ወይም ሚስት ነው የሚገድሉት። የማጀስቲክ አለቃ ፍራንክ ባክን የተጫወተው ጄ. ቲ. ዋልሽ ብቻውን ድራማውን ለማየት በቂ ምክንያት ነው፤ ትክክል የሆነ ክፉ ሰው እንዴት እንደሚመስል አሳይቷል። አምስት ምዕራፍ ታቅዶ በአንዱ ተሰርዟል። በቅደም ተከተል ካልታየ ትርጉም ያጣል።

የብሪታኒያው «ዩ.ኤፍ.ኦ.» (1970–71፣ 26 ክፍል) ምስጢሩን ለአንድ ወታደራዊ ድርጅት ይሰጣል፤ ድርጅቱ በፊልም ስቱዲዮ ሥር ተደብቋል፣ ዘመኑ ያኔ ገና ያልመጣው 1980 ነው፣ ባዕዳኑ የሚፈልጉት የሰውን የውስጥ አካል ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። በቀረጻው መካከል ስቱዲዮው ተዘግቶ ሥራው ተቋረጠ፤ ሲቀጥል እንደ አሌክ ፍሪማን ያሉ ሰዎች የሉም፣ ቨርጂኒያ ሌክ ቦታውን ይዛለች። በተሰራጨበት ቅደም ተከተል ካያችሁ ሰዎቹ እየጠፉ ይመለሳሉ። በተቀረጸበት ቅደም ተከተል እዩት፤ «አይደንቲፋይድ» የሚለው በሁለቱም መጀመሪያ ነው።

«ስሬሾልድ» (ሲቢኤስ፣ 2005) የባለሙያ ቡድን ወረራን እንዴት በደንብና በመመሪያ እንደሚከላከል ያሳያል፤ የሰውን ዘረመል የሚለውጠው ድምፅ ነው። 13 ክፍል ተሠርቶ ጣቢያው 9 ብቻ አሳይቶ አቆመው። የምትገዙት ወይም የምትከፍቱት ቅጂ 13ቱን መያዙን ቁጠሩ።

በግልጽ የመጡ፣ ዓላማቸውን የደበቁ

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለ«ቪ» የተባለ ይመስላል። በሜይ 1983 ኤንቢሲ ላይ በሁለት ምሽት የታየው የኬኔት ጆንሰን ሥራ 50 ግዙፍ መንኮራኩሮችን በዓለም ታላላቅ ከተሞች ሰማይ ላይ ያቆማል። እንግዶቹ ሰው ይመስላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ እርዳታ ጠይቀው በምላሹ ሳይንስ እንደሚያካፍሉ ቃል ይገባሉ። ከሰው ቆዳው ሥር ተሳቢ እንስሳ ናቸው፤ የመጡትም የምድርን ውሃ ሊወስዱና ሰውን ሊበሉ ነው። የጆንሰን ትኩረት ግን እንሽላሊቱ ላይ አይደለም፤ ፋሺዝም አንድ ተራ ሠፈር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ነው። መጀመሪያ ሳይንቲስቶች ይወነጀላሉ፣ ከዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን ያሳብቃል፣ ከዚያ ወጣቱ የደንብ ልብስ ለብሶ አያቱን ያስፈራራል። ያ አያት ከናዚ እልቂት የተረፈ አይሁዳዊ ነው፤ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚረጩትን ልጆች የ«ቪ»ን ፊደል የድል ምልክት አድርገው እንዲጽፉ የሚያስተምራቸውም እሱ ነው።

1983ቱን ብቻ ማየት ይበቃል፤ ከ3 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። መጨረሻው ክፍት ነው፣ ግን ክፍትነቱ ያምራል። ቀጣዩን «ዘ ፋይናል ባትል»ን (ሜይ 1984፣ 3 ክፍል) ጆንሰን በመሃል ትቶት ወጣ፤ ልብ ይሰቅላል፣ መቋጫው ላይ ግን ግማሽ ሰው ግማሽ ባዕድ ሆና የተወለደች ሕፃን ባላሰብነው ኃይል ሁሉን ታስተካክላለች፣ የተዋጊዎቹን ድካምም ያቀልለዋል። ከኦክቶበር 1984 የጀመረው ባለ19 ክፍል ሳምንታዊ ድራማ ይቅርባችሁ።

የ2009ኙ «ቪ» (ኤቢሲ፣ 22 ክፍል፣ እስከ ማርች 2011) ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ይበልጥ ይቀርባል፤ እንግዶቹ በይፋ ከመታየታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ሰው መስለው ገብተዋልና። ሞሬና ባካሪን የምትጫወታት መሪያቸው አና እጅግ ታስፈራለች፤ ድምፅዋን ሳታሳድግ። ነገር ግን የ1983ቱ የሠፈር ሕይወት የለውም፣ መጨረሻውም ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ቤት ውስጥ ሲገባ

«ኢንቬዥን» (ኤቢሲ፣ ሴፕቴምበር 2005 እስከ ሜይ 2006፣ 22 ክፍል) ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ፍሎሪዳን አውሎ ነፋስ ይመታል፣ በውሃው ውስጥ ብርሃን ይታያል፣ ውሃ ውስጥ ገብተው የወጡ ሰዎች አንድ ነገራቸው ይለወጣል። ሁለት የተፋቱ ባልና ሚስት፣ የየራሳቸው አዲስ ትዳር፣ በሁለቱ ቤት መካከል የሚመላለሱ ልጆች፤ እናታቸው ከውሃው ከወጡት አንዷ ናት። ትንሿ ልጅ የእናቷ ጠረን እንደተለወጠ ስትናገር የሚሰማችሁን ብርድ ምንም ልዩ ትዕይንት አይሰጣችሁም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ክፍሎች ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የፖሊስ አዛዡን የተጫወተው ዊልያም ፊክትነር ጠላት ነው ወይስ ጠባቂ የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ያቆያችኋል። ተሰርዞ ቀርቷል፤ የመጨረሻው ክፍል ለሁለተኛ ምዕራፍ የተዘጋጀ ነው።

አንድ ምሽት ብቻ ላለው

«ኳተርማስ 2»ን ይያዝ። ናይጅል ኒል ጽፎት ቢቢሲ በኦክቶበርና ኖቬምበር 1955 በስድስት ሳምንት አሰራጨው፤ ስድስቱም ክፍሎች ተርፈዋል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከሰማይ የወደቁ ትንንሽ ድንጋዮች ሲሰነጠቁ በሰው ቆዳ ላይ ምልክት ይተዋሉ፤ ምልክቱ ያለበት ሰው የራሱ አይደለም። ሰው ሠራሽ ምግብ ያመርታል የተባለ በወታደር የሚጠበቅ ፋብሪካ አለ፤ ፈቃዱን የፈረሙት ሚኒስትሮች ናቸው። ኋላ የመጡት ሁሉ የተበደሩት ከዚህ ነው። አብዛኛው በቀጥታ ሥርጭት የተሠራ በመሆኑ ተዋንያኑ አልፎ አልፎ ይደናቀፋሉ፣ ድምፁም ደካማ ነው፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ፈልጉ።

አዲስ ነገር ብቻ ለሚፈልግ «ሲክሬት ኢንቬዥን» (ዲዝኒ ፕላስ፣ ጁን–ጁላይ 2023) 6 ክፍል ነው። ቢያንስ የ2019ኙን የ«ካፕቴን ማርቭል» ፊልም ያላየ ባዕዳኑ እነማን እንደሆኑና ዋናው ገጸ ባሕርይ ኒክ ፊውሪ ምን ቃል እንደገባላቸው አይገባውም። ፊውሪን የሚጫወተው ሳሙኤል ጃክሰን ይደነቃል፤ መጨረሻው ግን ተጣድፎ ወደ ቡጢ ይገባል። ፖለቲካዊ ቀልድ ለሚወድ ደግሞ «ብሬይንዴድ» (ሲቢኤስ፣ 2016፣ 13 ክፍል) በጆሮ የሚገቡ ነፍሳትን የዋሽንግተን ፖለቲከኞች አንጎል ውስጥ ያስገባል፤ ተቋጭቷል።

ከመክፈታችሁ በፊት

ስም ብቻ ይዛችሁ አትፈልጉ፤ ዓመቱን ጨምሩ። «ኢንቬዥን» የሚባል በ2021 የጀመረ ሌላ የአፕል ድራማ አለ፣ «ቪ»ም ሁለት ነው። «ዘ ኢንቬደርስ»፣ «ዩ.ኤፍ.ኦ.» እና «ኳተርማስ 2» የተሠሩት በጠባቡ 4:3 ምጣኔ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ምስሉን ሰፊ ለማድረግ ከላይና ከታች የሚቆርጥ ከሆነ ማስተካከያውን ወደ 4:3 መልሱት፤ ያለበለዚያ ምስሉ ግርጌ የሚታየው የእጅ ጣት፣ ባዕዱ የሚታወቅበት፣ ተቆርጦ ይቀርባችኋል። ልጆች ካሉ «ዘ ኢንቬደርስ» ብዙ አያስቸግርም፤ «ቪ» ላይ ግን ከእንግዶቹ አንዷ ዳያና እንስሳ ከነሕይወቱ ትውጣለች፣ «ኤክስ ፋይልስ»ም በማታ ብቻ የሚታይ ነው።

ጊዜ ላለው የምንመክረው ቅደም ተከተል በ«ኳተርማስ 2» ይጀምራል፤ ከዚያ ከ«ዘ ኢንቬደርስ» የመረጥናቸው ሦስት ክፍሎች፣ የ1983ቱ «ቪ»፣ በመጨረሻ የ«ኤክስ ፋይልስ» 28 ክፍሎችና ፊልሙ። በዚህ መንገድ የምዕራፍ 3 ክፍል 24 ላይ ስትደርሱ ጄረማያ ስሚዝ የሚባለውን፣ በእጁ ሰው የሚፈውሰውን ባዕድ የተጫወተውን ሰውዬ ልብ በሉ። ፀጉሩ ሸብቷል እንጂ ታውቁታላችሁ፤ ሮይ ቲነስ ነው።